ፕሮግራሙ ሲያረጅ መረጃው ለምን አብሮ ይጠፋል?
የኦፐሬቲንግ ሲስተም ለውጥና የጤናው ሙያ የአርባ ዓመት ልምድ

መግቢያ

በጤና ተቋማት ውስጥ ኮምፒውተር ሲቀየር ወይም በላዩ ላይ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ወደ አዲስ ደረጃ ሲሸጋገር፣ ትናንት ያለ እንከን ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ አልከፈት ማለቱ የተለመደ ነው። ፕሪንተሩ አይታዘዝም፤ የላቦራቶሪው መሣሪያ ውጤቱን ወደ ኮምፒውተሩ መላኩን ያቋርጣል፤ በአማርኛ ተጽፎ የተቀመጠው ደብዳቤ በማይነበቡ ምልክቶች ተሞልቶ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ ይህ የቴክኒክ ባለሙያ ጣጣ ተደርጎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ያለው የታካሚ ውጤት፣ የወረርሽኝ ምዝገባ ወይም የዓመታት የምርምር መረጃ ነውና ጉዳዩ የጤና ባለሙያውም ጉዳይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ችግሩ ከየት እንደመጣ፣ በየዘመኑ ምን መልክ እንደያዘና ለጤናው ሙያ ምን እንዳስተማረ በአጭሩ መቃኘት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአለመጣጣም መነሻ

አንድ ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ አካላት ጋር ብቻውን አይገናኝም። ፋይል ለመክፈት፣ ማስታወሻ ለማግኘት፣ ጽሑፍ በስክሪን ለማሳየት ወይም በወረቀት ለማተም ጥያቄውን የሚያቀርበው ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ከውል ጋር ይመሳሰላል፤ ሲስተሙ የተወሰኑ አገልግሎቶችን በተወሰነ መንገድ ለመስጠት ቃል ይገባል፣ ፕሮግራሙም በዚያ ተማምኖ ይሠራል። ሲስተሙ በአዲስ ሲተካ ውሉ በሦስት ዓይነት መንገድ ሊፈርስ ይችላል።

የመጀመሪያው፣ አዲሱ ሲስተም አሮጌው ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት ጨርሶ ሲያስቀር ነው። ሁለተኛው፣ ፕሮግራሙ በውሉ ውስጥ ባልነበረ፣ በአጋጣሚ ብቻ ይሠራ በነበረ ጠባይ ላይ ተመሥርቶ ሲገኝ ነው። ሦስተኛው ደግሞ መሣሪያን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር የተባለው አነስተኛ ፕሮግራም ለአዲሱ ሲስተም ሳይዘጋጅ ሲቀር ነው።

የሁለተኛው ዓይነት ታዋቂ ምሳሌ ሲምሲቲ የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ጨዋታው ለሲስተሙ መልሶ ያስረከበውን የማስታወሻ ክፍል ተመልሶ ያነብ ነበር። በቀድሞው ዊንዶውስ ይህ ስህተት ጉዳት ስላላስከተለ ማንም አላወቀውም። ዊንዶውስ 95 በሚዘጋጅበት ወቅት ግን ጨዋታው እየተሰናከለ አስቸገረ። የማይክሮሶፍት መሐንዲሶች ሲምሲቲ ሲከፈት ለይቶ የሚያውቅና የተለቀቀውን ማስታወሻ ለሌላ ከመስጠት የሚታቀብ ልዩ ትእዛዝ በሲስተሙ ውስጥ ጨመሩ። ታሪኩ የሚያስፈግግ ቢሆንም ለሆስፒታሎች የሚነግረው ቁም ነገር አለ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የሚጫወቱት ጨዋታ እንዲህ ያለ እንክብካቤ ያገኛል፤ በአንድ ካርድ ክፍል ወይም በአንድ ላቦራቶሪ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ግን በአዲሱ ሲስተም ላይ ይሠራ እንደሆነ አስቀድሞ የሚፈትሽለት ከራሱ ተቋም በቀር ማንም የለም።

የዶስ ዘመንና ኤፒ ኢንፎ

የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር በኦገስት 1981 ለገበያ ሲቀርብ ዶስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አብሮት ቀረበ። የዶስ አቅም ውሱን ነበር። ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ማስታወሻ ከ640 ኪሎባይት አይበልጥም፤ የፋይል ስም ከስምንት ፊደልና ከሦስት ፊደል ቅጥያ አያልፍም። ሲስተሙ የማይሰጠውን አገልግሎት ፕሮግራሞቹ ራሳቸው ስክሪኑንና የፕሪንተሩን መስመር በቀጥታ እያዘዙ ያሟሉ ነበር። ይህ ነጻነት ለጊዜው ፍጥነት ቢያስገኝም ኋላ ለመጣው አለመጣጣም ዋነኛ ምክንያት ሆኗል።

በዚህ ዘመን ለሕብረተሰብ ጤና ትልቅ አስተዋጽኦ ያደረገው ፕሮግራም ኤፒ ኢንፎ ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው በ1985 አትላንታ በሚገኘው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል ሲሆን፣ በሥራው ግንባር ቀደም የነበሩት ኤፒዲሚዮሎጂስቱ ዶክተር አንድሩ ዲን ነበሩ። ልጃቸው ጄፍሪ ዲን፣ በኋላ በጉግል ኩባንያ ስመ ጥር መሐንዲስ የሆነው፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ በፕሮግራሙ ጽሕፈት ተሳትፏል። ዓላማው ወረርሽኝ ወዳለበት ስፍራ የሚጓዝ ባለሙያ መጠይቅ እንዲያዘጋጅ፣ መረጃ እንዲያስገባና ውጤቱን እዚያው እንዲተነትን ማስቻል ነበር።

በ1994 የወጣው ኤፒ ኢንፎ 6 በነጻ የሚታደል፣ በጥቂት ፍሎፒ ዲስኮች የሚያዝና በደካማ ኮምፒውተር ላይ እንኳ የሚሠራ በመሆኑ በታዳጊ አገሮች በሰፊው ተሰራጨ። ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በአገሪቱ የሕክምናና የጤና መጽሔቶች የታተሙ ጥናቶችን የሚያገላብጥ አንባቢ፣ በጥናት ዘዴው ክፍል የኤፒ ኢንፎ 6ን ስም ደጋግሞ ያገኛል። የሕብረተሰብ ጤና ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ፣ የክትባት ሽፋን ዳሰሳና የወረርሽኝ ምርመራ በአብዛኛው በዚያ ሰማያዊ ስክሪን ላይ አልፏል።

ፕሮግራሙ መጠይቁን፣ የገባውን መረጃና የስህተት መቆጣጠሪያ ሕጎቹን በሦስት የተለያዩ ፋይሎች ያስቀምጥ ነበር። መረጃውን የያዘው ፋይል የተጻፈው በተራ ፊደላት ሲሆን በመጀመሪያዎቹ መስመሮች የእያንዳንዱን ጥያቄ ስምና ስፋት ይዘረዝራል። በዚህም ምክንያት ፋይሉን በማንኛውም የጽሑፍ ማዘጋጃ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። ይህ በጊዜው ትንሽ የሚመስል ነገር ኋላ የብዙ ጥናቶችን መረጃ ያዳነ ሆኗል።

ከዶስ ወደ ዊንዶውስ

በኦገስት 1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 መልኩ አዲስ ቢሆንም የዶስ ፕሮግራሞችን ማስተናገዱን አላቋረጠም። ተከታዮቹ ዊንዶውስ 98 እና ሚሌኒየምም በዶስ ላይ የቆሙ ነበሩ። በዚህ ወቅት የመጣው ችግር ከሲስተሙ ብቻ ሳይሆን ከማሽኑ ፍጥነት ጭምር ነበር። ቱርቦ ፓስካል በተባለው ቋንቋ የተዘጋጁ ብዙ የዶስ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ የኮምፒውተሩን ፍጥነት ይለኩ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የመጡት ፈጣን ፕሮሰሰሮች ሲለኩ የስሌቱ ውጤት ከተመደበለት ቦታ በላይ ሆነ፤ ፕሮግራሙም በ«ስህተት 200» ገና ሲነሳ ይወድቅ ጀመር። ለዓመታት ያገለገለ ፕሮግራም የቆመው ኮምፒውተሩ ስለፈጠነ ብቻ ነበር።

ከዚህ ጋር የ2000 ዓመተ ምሕረት ጉዳይ ተደረበ። ዓመትን በሁለት አኃዝ የሚጽፉ ፕሮግራሞች 2000ን ከ1900 መለየት አይችሉም። ለጤና ባለሙያ ይህ የእድሜ ስሌት ስህተት ማለት ነው፤ የሕጻኑ እድሜ አሉታዊ ቁጥር ሊሆን፣ የአዛውንቱም ወደ ሕጻን ሊለወጥ ይችላል።

በኦክቶበር 2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ መሠረታዊ ለውጥ ይዞ መጣ። በዶስ ላይ የቆመው መስመር አብቅቶ፣ ለመሥሪያ ቤቶች ሲዘጋጅ የነበረው የኤንቲ መስመር ለሁሉም ተጠቃሚ ቀረበ። ኤንቲ ፕሮግራሞች መሣሪያዎችን በቀጥታ እንዲያዙ አይፈቅድም። የዶስ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በውስጡ በተፈጠረላቸው አስመሳይ የዶስ ማሽን ውስጥ ነበር። ብዙዎቹ፣ ኤፒ ኢንፎ 6ን ጨምሮ፣ በዚህ መንገድ ሕይወታቸው ተራዘመ።

የአትላንታው ማእከል በበኩሉ ኤፒ ኢንፎ 2000 የተባለውን የዊንዶውስ እትም አወጣ። አዲሱ እትም መረጃውን የሚያስቀምጠው በተራ ፊደላት ሳይሆን በማይክሮሶፍት አክሰስ የመረጃ ቋት ነበር። የለመዱትን ቀላልነት ያጡ ተጠቃሚዎች ጥቂት አልነበሩም። በዚሁ ጊዜ በዴንማርክ የእነ የንስ ላውሪትሰን ቡድን ኤፒዳታ የተባለውን ፕሮግራም አቀረበ። ኤፒዳታ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ሆኖ የኤፒ ኢንፎ 6ን ሦስት ፋይሎች እንዳሉ የሚቀበል ነበር። ፕሮግራሙ ቢተካም የፋይሉ አጻጻፍ ስላልተለወጠ የቀድሞው መረጃ ያለ ችግር ተነበበ። ኤፒዳታ በኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ተወዳጅ ሆኖ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የግዕዝ ፊደል ፈተና

ከኤፒ ኢንፎ ፋይል በተቃራኒ የአማርኛ ጽሑፎች ዕጣ አሳዛኝ ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኮምፒውተሮች ለአንድ ፎንት የነበራቸው ቦታ ከ256 አይበልጥም፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለሲስተሙ ትእዛዝ የተያዘ ነው። የፊደል ገበታው ከነዲቃላዎቹ፣ ከአኃዞቹና ከሥርዓተ ነጥቦቹ ጋር በዚህ ቦታ አይበቃም። ስለዚህ የአማርኛ ጽሑፍ ፕሮግራም አዘጋጆች ፊደላቱን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፍለው፣ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝን ቅርጽ አስቀመጡ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው አንድ የላቲን ፊደል ወይም ምልክት መጻፉን ነው፤ «ሀ» ወይም «ለ» ሆኖ የሚታየው ለዓይን ብቻ ነበር።

ከዚህም በላይ እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን ድልድል ተከተለ። በአንዱ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ትርጉም አልነበረውም። ኮምፒውተሩ ተቀይሮ ወይም ዊንዶውሱ ታድሶ የቀድሞው ፎንት ሳይጫን ሲቀር፣ የጤና ትምህርት ጽሑፉም ሆነ የሥልጠና መመሪያው በላቲን ፊደላትና በምልክቶች የተሞላ ገጽ ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ቁልፉ ግን ጠፍቷል።

መፍትሔው የመጣው እያንዳንዱ ፊደል በዓለም አቀፍ ደረጃ የራሱ ቋሚ ቁጥር ሲሰጠው ነው። ዩኒኮድ የተባለው ስምምነት በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ 345 የግዕዝ ፊደላትን፣ አኃዞችንና ምልክቶችን አካተተ። ሆኖም ስምምነቱ ብቻውን በቂ አልነበረም። የዊንዶውስ ኤክስፒ ተጠቃሚ የዩኒኮድ ፎንትና የመጻፊያ ፕሮግራም ከሌላ አምጥቶ መጫን ነበረበት። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከሲስተሙ ጋር ያቀረበው በ2007 በወጣው ቪስታ ነበር። በ2015 በወጣው ዊንዶውስ 10 ደግሞ ኒያላ ከመደበኛዎቹ ፎንቶች ወጥቶ በተጨማሪነት ወደሚጫኑት ተዛወረ፤ በነባሪነት የግዕዝን ፊደል የሚያሳየው ኤብሪማ ሆነ። በዚህ ጊዜ ግን የጠፋ ጽሑፍ አልነበረም። ፊደሉ የራሱ ቁጥር ስላለው የፎንቱ መለወጥ መልኩን እንጂ ምንነቱን አይለውጥም። በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ በሲስተም ለውጥ ሳይናጋ ሲሻገር፣ ከዚያ በፊት የተጻፈው አንድ በአንድ ተለውጦ ካልተቀመጠ በስተቀር እያደር ከንባብ ውጪ እየሆነ ሄዷል።

ቪስታና 64 ቢት

ቪስታ ለአማርኛ በር ቢከፍትም በሌላ በኩል ብዙ በሮችን ዘግቷል። ሲስተሙን ከቫይረስ ለመከላከል ሲባል ፕሮግራሞች በተጫኑበት ፎልደር ውስጥ እንዳሻቸው እንዳይጽፉ ተከለከሉ። የቆዩ ፕሮግራሞች ደግሞ መረጃቸውን የሚያስቀምጡት እዚያው ነበር። ቪስታ ፕሮግራሞቹ እንዳይወድቁ ሲል የሚጽፉትን ፋይል በድብቅ ወደ ተጠቃሚው የግል ፎልደር ያዛውር ጀመር። ፕሮግራሙ ምንም የተለወጠ ነገር እንዳለ አያውቅም።

የዚህ አሠራር መዘዝ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ በየራሳቸው ስም የሚገቡ ሁለት ሠራተኞች አንዱን ፕሮግራም ከፍተው የተለያየ መዝገብ ሊያዩ ይችላሉ። በቀን የተመዘገበው ታካሚ በማታው ተረኛ ዘንድ የለም። የፕሮግራሙን ፎልደር በየሳምንቱ የሚገለብጥ ጥንቁቅ ሠራተኛም የሚገለብጠው አሮጌውን ቅጂ ይሆናል። ከሚወድቅ ፕሮግራም ይልቅ እየሠራ የሚያሳስት ፕሮግራም የበለጠ አደገኛ ነው፤ የሚወድቀውን ሁሉም ያየዋል፣ የሚያሳስተውን ግን ጉዳቱ ሳይደርስ የሚያውቀው የለም።

በኦክቶበር 2009 ዊንዶውስ 7 ሲወጣ ባለ 64 ቢት ኮምፒውተሮች ገበያውን መያዝ ጀምረው ነበር። ፕሮሰሰሩ በ64 ቢት አሠራር ላይ ሲሆን የዶስ ፕሮግራሞች ይጠቀሙበት የነበረውን ስልት ስለማይደግፍ አስመሳዩ የዶስ ማሽን ከሲስተሙ ቀረ። ኤፒ ኢንፎ 6ና ሌሎች የዶስ ፕሮግራሞች በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ቀጥታ መሥራታቸው በዚህ አበቃ። በመሣሪያ በኩልም ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ በአምራቹ ዲጂታል ፊርማ ያልተረጋገጠ ድራይቨርን አይቀበልም። የቆየ ስካነር፣ የልብ ምት መመዝገቢያ ወይም የላቦራቶሪ መሣሪያ ያለው ተቋም አምራቹ አዲስ ድራይቨር ካላዘጋጀለት፣ ጤነኛ መሣሪያውን ከመጣልና አሮጌውን ሲስተም ይዞ ከመቆየት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። ብዙ ሆስፒታሎች የመረጡት ሁለተኛውን ነበር።

የ2017ቱ ትምህርት

ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። የሲቲ ስካን ወይም የኤምአርአይ መሣሪያ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። መሣሪያው ተመርቶ፣ ተፈትኖና ተሽጦ እስኪተከል ድረስ ግን በውስጡ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተወሰነ እድሜውን ጨርሷል። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የደኅንነት ጥገና መስጠቱን ያቆመው ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ለአንድ ዓመት ተጨማሪ ጥገና 5.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሏል።

ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ፋይሎችን እየቆለፈና ገንዘብ እየጠየቀ ከ150 በላይ አገሮችን አዳረሰ። በእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥር ካሉት 236 የሆስፒታል አስተዳደሮች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ተነኩ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጠሮዎች ተሰረዙ፤ የአምስት አካባቢዎች ታካሚዎች ለድንገተኛ ሕክምና ራቅ ወዳለ ሆስፒታል እንዲሄዱ ተደረገ። ከምርመራ መሣሪያዎችም 1,220 ያህሉ ተበክለዋል።

በወቅቱ ጥፋቱ በሙሉ በኤክስፒ ላይ ተላክኮ ነበር። በኋላ የተደረገው ማጣራት ግን ሌላ ሥዕል አሳይቷል። ከተበከሉት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ገና ድጋፍ ይሰጠው በነበረው ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠሩ ነበሩ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ጥገና ማርች 14 ቀን 2017፣ ማለትም ከሁለት ወር ገደማ በፊት ወጥቷል፤ ነገር ግን አልተጫነም። ጥገናን በጊዜው ካለመጫን ጀርባ ደግሞ ከላይ የተዘረዘረው ልምድ አለ። ማደስ ሁልጊዜ አንድ ነገር የሚያበላሽ ከሆነ ሰው አለማደስን ይለምዳል። ትናንሽ ብልሽቶችን ለማምለጥ የተያዘው ልማድ ለትልቁ አደጋ በር ከፈተ።

ለመዘግየቱ ሲቀርብ የቆየ አንድ ሰበብም ነበር፤ የሕክምና መሣሪያ ኮምፒውተርን መነካካት የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል የሚል ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ግን በ2005 ባወጣው መመሪያ፣ የደኅንነት ጥገናን ለመጫን በአብዛኛው ቅድመ ፈቃድ እንደማያስፈልግና ኃላፊነቱ የመሣሪያው አምራች መሆኑን ገልጿል።

ማጠቃለያ

የተጣጣሚነት ችግር ያለፈ ታሪክ አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በ64 ቢት ብቻ የሚሠራ ከመሆኑም በላይ የተወሰነ የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚፈልግ ብዙ ጤነኛ ኮምፒውተሮችን አይቀበልም። እንደ ዲኤችአይኤስ 2 ያሉ በኢንተርኔት ማሰሻ የሚሠሩ የጤና መረጃ ሥርዓቶች ችግሩን በከፊል አቅልለዋል፤ መሣሪያዎችንና የቆዩ የምርምር ፋይሎችን ግን አይነኩም።

ካለፈው ልምድ የሚወሰዱት ትምህርቶች ጥቂትና ግልጽ ናቸው። ሲስተም ከመቀየሩ በፊት በኮምፒውተሩ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች፣ ፎንቶችና የተያያዙ መሣሪያዎች ተዘርዝረው ለውጡ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሊሞከር ይገባል። የሙከራው መመዘኛም ፕሮግራሙ መከፈቱ ብቻ ሳይሆን ትናንት የተመዘገበው ታካሚ በሁሉም ተጠቃሚ ዘንድ መታየቱ መሆን አለበት። የተጠናቀቀ ጥናት መረጃ ከፕሮግራሙ ፋይል ሌላ በተራ ፊደላት ከነመግለጫው ሊቀመጥ፣ የቆዩ የአማርኛ ሰነዶችም የሚያነባቸው ፎንት ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ሊዛወሩ ይገባል። መሣሪያ ሲገዛ አምራቹ በመሣሪያው የአገልግሎት ዘመን ሁሉ ሲስተሙን የማደስ ግዴታ በውሉ ውስጥ ቢገባ፣ መታደስ የማይችለውም ከሌላው ኔትወርክ ተለይቶ ቢሠራ ይመረጣል።

ኤፒ ኢንፎ 6 ዛሬ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አይነሳም። በእርሱ የተመዘገበ መረጃ ግን በጥንቃቄ ከተያዘ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ይነበባል። ፕሮግራም ማርጀቱ አይቀርም። ለጤና ባለሙያው የቀረው ኃላፊነት በውስጡ ያለው የሕሙማን መረጃ አብሮት እንዳይጠፋ አስቀድሞ ማሰብ ነው።